የሚወራበት እንጂ የማይናገር ሰው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ቴሌቪዥን ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርብልን ይመለከታል። ርዕሱ በብዙ ቤት ድምፅ ተሰጥቶት የማይነሳ መሆኑን አውቃለሁ። ሬዲዮኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ጥቂት ታገሡኝ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ ስለምን እንደማልናገር ልንገራችሁ። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ጋር የሃይማኖት ክርክር አልገጥምም፤ ሁለቱም በጉዳዩ ላይ የሚያስተምሩትን አድማጩ ያውቀዋል። ሕጉም የታወቀ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይለያል። ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀውን ከየት አወቅነው? ማን ነገረን? እነሱስ ራሳቸው ሲናገሩ ሰምተን እናውቃለን?

እ.አ.አ. በ2007 ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በብዙ አገሮች የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶዎቹ ኅብረተሰቡ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ሊቀበል አይገባም ብለው መልሰዋል። ከመቶ ሰው ሦስቱ ብቻ ቀሩ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር አልደነቅም፤ አገሬን አውቃለሁና። የሚያሳስበኝ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ነው። ከነዚያ 97 ሰዎች ስንቶቹ እንዲህ ካለ ሰው ጋር፣ ማንነቱን እያወቁ፣ ተቀምጠው ቡና ጠጥተዋል? በእኛ በጅማ አካባቢ ቡና እንኳ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ በቀማሽ ምላስ ሳይፈተን ደረጃ አይወጣለትም። ለሰው ግን በወሬ ብቻ ደረጃ አውጥተንለታል። ወሬውን በአብዛኛው ያመጣልን ደግሞ ያ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን ነው።

ከቤታችን እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ድራማዎቻችን ብዙ ዓይነት ሰው አሳይተውናል። ሌባውን፣ ነፍሰ ገዳዩን፣ ከዳተኛውን ባል፣ ጨካኟን አማት ከነምክንያታቸው አይተናል። በ«ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አስናቀን በአበበ ባልቻ ፊት ላይ ዓይናችንን ተክለን ከነተንኮሉ ሁሉ ተከታትለነዋል፤ ክፋቱን ጠልተን ሰውነቱን ግን አልካድነውም። እስቲ አሁን አስታውሱ። እናት ያለው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ የሚስቅና የሚያዝን፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር አንድ ገፀ ባሕርይ በአገራችን ድራማ አይታችኋል? ልታስታውሱት የምትችሉት ቢኖር ሰዎችን ለማሳቅ እንደ ሴት እየተውረገረገ የሚገባ ወንድ ይሆናል። እሱም ለሳቅ ይገባል፤ ሲሳቅበት ይወጣል።

ከውጭ የሚመጣውስ? በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ቤተሰብ ጠብና ፍቅር የአመሻሻችን አንድ ክፍል ሆኗል። እነዚህ ድራማዎች ወደ እኛ ከመድረሳቸው በፊት በአገራቸው ብዙ ወንፊት አልፈዋል። እ.አ.አ. በ2020 ኔትፍሊክስ ቱርክ ውስጥ ሊቀርጸው የተዘጋጀበትን አንድ ድራማ ሙሉ በሙሉ ሰርዞታል፤ ከገፀ ባሕርያቱ አንዱ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ስለነበር የመንግሥት አካላት የቀረጻ ፈቃድ ከለከሉት። ልብ በሉ፤ በዲሽ ያየነው ዓለም ሙሉው ዓለም አይደለም። ቆራጩ የቆረጠውን አናይም፤ የተቆረጠ ነገር እንዳለም አናውቅም።

ጆርጅ ገርብነር የተባሉ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የአሜሪካን ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ድምዳሜያቸው ለእኛም ይጠቅመናል። ቴሌቪዥን ብዙ የሚያይ ሰው ዓለምን በቴሌቪዥኑ ልክ ይስላል፤ በስክሪኑ ላይ ወንጀል የበዛበት ሰው ሰፈሩን ይፈራል፤ በስክሪኑ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ በኑሮም የሌለ ይመስለዋል። ገርብነርና ባልደረባቸው ላሪ ግሮስ ይህን ከምስል መሰረዝ እንደ መጥፋት ቆጥረውታል። ግሮስ ኋላ ላይ ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ስለ መገናኛ ብዙኃን ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል።

አሁን ወደ ኳሱ ልምጣ። በእውነት ለመናገር በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ይህ ርዕስ ሳይጠራ በስክሪን የገባው በድራማ ሳይሆን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ለዓመታት በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ገደማ፣ ልክ ቀይ ቡና በሚለቀምበትና ወጣቱ እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ በሚይዝበት ሰሞን፣ የቡድን አምበሎች ባለ ቀስተ ደመና ቀለም ማሰሪያ ክንዳቸው ላይ አስረው ሲገቡ አይታችኋል። ዲኤስቲቪ ቤቱ ሞልቶ፣ አንዱ «ምንድን ነው ያሰረው?» ሲል ሌላው ባላወቀ መንገድ ይመልስለታል። ማሰሪያው ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች በስታዲየምም በሜዳም ሳይሰደቡ እንዲኖሩ ለሚጠይቅ ዘመቻ የተሠራ ነበር።

እ.አ.አ. በ2024 መጨረሻ በዚሁ ማሰሪያ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሳ። የክሪስታል ፓላሱ አምበል ማርክ ጉዌሂ ማሰሪያው ላይ ለኢየሱስ ያለውን ፍቅር ጽፎበት ገባ። የኢፕስዊች ታውኑ አምበል ግብፃዊው ሳም ሞርሲ ሙስሊም በመሆኑ ከእምነቱ ጋር አይሄድም ብሎ ሳያስር ተጫወተ። ክለቡም ውሳኔውን አከበረለት። ከዚያ በፊትም በኳታሩ የዓለም ዋንጫ፣ እ.አ.አ. ኅዳር 2022፣ ፊፋ ተመሳሳይ ማሰሪያ የሚያስር አምበል ቢጫ ካርድ እንደሚያይ ካስጠነቀቀ በኋላ የጀርመን ተጫዋቾች ከጃፓን ጋር ሊጫወቱ ሲሉ ለቡድን ፎቶ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆመዋል። ይህን ሁሉ በቀጥታ አይተናል። የጉዌሂንና የሞርሲን እምነት ሰማን፤ የፊፋን ማስፈራሪያ ሰማን፤ የጀርመኖችን ተቃውሞ አየን። ማሰሪያው የተሠራለት ሰው ግን የት ነበር? ስለ እሱ ስንከራከር ከረምን እንጂ ፊቱን አላየንም።

ፊቱን ልንገራችሁ። ጀስቲን ፋሻኑ አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ጋያናዊት ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያና በአሳዳጊ ቤተሰብ አደገ። እ.አ.አ. በ1981 ከኖርዊች ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት ሲዛወር በእንግሊዝ እግር ኳስ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለበት የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በ1990 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በጋዜጣ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የገጠመው ስድብና መገለል ነው። የገዛ ወንድሙ፣ የዊምብልደኑ አጥቂ ጆን ፋሻኑ፣ በአደባባይ ራቀው። ጀስቲን በ1998 በአሜሪካ አንድ ወጣት ክስ ካቀረበበት በኋላ፣ ክሱን በጽሑፍ ክዶ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሎንዶን ውስጥ ራሱን አጠፋ። 37 ዓመቱ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ በእንግሊዝ በሥራ ላይ እያለ በግልጽ የተናገረ ወንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች እስኪገኝ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ፤ እሱም በ2022 የብላክፑሉ ጄክ ዳንኤልስ ነው፣ በ17 ዓመቱ። እኛ ቅዳሜና እሑድ የምናጨበጭብላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በነበሩበት በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አልነበረም ብሎ የሚያምን አለ? ነበሩ፤ የጀስቲንን መጨረሻ ስላዩ ዝም አሉ።

ሌላው ዓለምም ቢሆን እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። በአሜሪካ ሆሊውድ እ.አ.አ. ከ1934 ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ርዕሱን በፊልም ማንሳት የሚከለክል የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው። በ1967 ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ በማይክ ዋላስ አቅራቢነት የአንድ ሰዓት ዘገባ አስተላለፈ። ከተናገሩት ሰዎች አንዱ ፊቱ በሳሎን ተክል ቅጠል ተሸፍኖ ነበር፤ ስለ በሽታው የሚያስረዱት ሐኪሞች ግን ፊታቸው ግልጽ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሽታ ነው ማለቱን ተወ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አወጣው። የሕክምናው ዓለም ከዛሬ 50 ዓመት ገደማ ጀምሮ የተወውን ንግግር አንዳንድ የእኛ ፕሮግራሞች ዛሬም እንደ ሳይንስ ያቀርቡታል። ይህን በጥብቅ እቃወማለሁ። ስለ እምነቱ የሚናገር በእምነቱ ስም ይናገር፤ የሐኪም ካባ ለብሶ ግን አይሁን።

በአፍሪካም ታሪኩ ብዙ መልክ አለው። በደቡብ አፍሪካ እ.አ.አ. በ2009 «ጀነሬሽንስ» የተባለው ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ሁለት ወንዶችን በፍቅር ሲያሳይ ብዙ ተመልካች ተቆጣ፤ ድራማው ግን ቀጠለ። በጎረቤታችን ኬንያ እ.አ.አ. በ2018 በዚሁ ርዕስ ላይ የተሠራው የዋኑሪ ካሂዩ ፊልም «ራፊኪ» በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆኖ ሳለ በአገሩ ታገደ፤ ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ብቻ እንዲታይ ሲፈቅድ ናይሮቢ ላይ ሲኒማው ሞላ።

ወደ እኛ ዜና ልመለስ። ርዕሱ በአገራችን ቴሌቪዥን ሲነሳ በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ከውጭ የመጣ አደጋ ነው፣ ወይ ወንጀል ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. አይካሳ የተባለው ስለ ኤድስ የሚመክረው አህጉራዊ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የሃይማኖት መሪዎች ከጉባኤው አስቀድሞ በዚሁ ርዕስ ላይ የታሰበውን አንድ ስብሰባ ተቃወሙ። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ጎብኚዎችን ላሊበላን ሊያስጎበኝ ማቀዱ ሲሰማ ለሳምንታት ተወራበት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አሳወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ፣ ይደብደቡ፣ ይገደሉ የሚሉ ቪዲዮዎች ከስልክ ወደ ስልክ ዞሩ። በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን የተቋቋመው ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ቲክቶክ ቪዲዮዎቹን እንዲያነሳ በይፋ ጠየቀ። ከአዲስ አበባ የተነሳ ቪዲዮ ጅማ ለመድረስ ደቂቃም አይፈጅበትም። በእነዚህ ሁሉ ዜናዎች ውስጥ ባለሥልጣኑ ይናገራል፣ የሃይማኖት አባቱ ይናገራል፣ መንገደኛው አስተያየት ይሰጣል። የሚወራበት ሰው አይናገርም።

የእነሱን ቃል ቀድሞ የሰማው ጋዜጠኛ ሳይሆን ተመራማሪ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸውን የአዲስ አበባ ወንዶች አነጋግሮ ጥናቱን እ.አ.አ. በ2011 አሳትሟል። በዚያ ጥናት የምናገኘው በቴሌቪዥን የተሳለውን ጭራቅ አይደለም። የሚደበቅ፣ ቤተሰቡን የሚፈራ፣ በራሱ የሚያፍር፣ ሃይማኖቱን የሚወድና በዚያው ሃይማኖት የሚጨነቅ ሰው ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝን ነገር ልንገራችሁ። ወላጆች፣ በተለይ እናንተ ስሙኝ። ዜናዎቻችንና የፖሊስ ፕሮግራሞቻችን ሕፃን ወንድ ልጅን የደፈረ ወንጀለኛንና ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር አዋቂን በአንድ ስም ይጠራሉ፣ በአንድ ዘገባ ይጨፈልቃሉ። ሕጉ እንኳ አልጨፈለቃቸውም። አንቀጽ 629 ስለ አዋቂዎች ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው ጥቃት በአንቀጽ 631 ለብቻው ተደንግጎ ቅጣቱም የከበደ ነው። ጋዜጠኛው ሁለቱን ሲያምታታ የሚጎዳው ማን ነው? የተደፈረው ልጅ ነው። ለለቀማ ከገጠር የመጣ፣ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር፣ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ጥቃት ቢደርስበት ለማን ይናገራል? ቢናገር በዚያው አስፈሪ ስም እሱም እንደሚጠራ ከቴሌቪዥን ተምሯል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደፋሪው ሌላ ልጅ ያገኛል። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ምንም አላጠፋም፤ ይህን በየቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ወደ ሐኪምም ወደ ፖሊስም ከመሄዱ በፊት የመጀመሪያው የሚሰማው ጆሮ የእናንተ ይሁን።

«ታዲያ ቴሌቪዥን ምን ያድርግ? ሰው የሚጠላውን ያሳይ?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ከራሳችን ታሪክ ልመልስ። ኤድስ ወደ አገራችን በገባባቸው ዓመታት የተሰጠን ትምህርት አጽምና የሞት ምስል ነበር። ውጤቱን እናስታውሳለን፤ ሰው የታመመ ወንድሙን ምግብ በር ላይ አስቀምጦለት ይሸሽ ነበር። ያ የተለወጠው እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን የመሠረቱ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ፊታቸውን አሳይተው በራሳቸው አፍ መናገር ሲጀምሩ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፉትን ሁለት ተከታታይ ድራማዎችም አስታውሱ፤ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በአፋን ኦሮሞ «ዲምቢባ»። ስንቶቻችሁ ሬዲዮ ከብባችሁ አዳምጣችኋቸዋል! ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጃቸው እነዚህ ድራማዎች በጎ፣ ክፉና በሁለቱ መካከል የሚንገላታ ገፀ ባሕርይ ይዘው ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋና ስለ ኤድስ አስተማሩን፤ ከአድማጭ የጎረፈው ደብዳቤ በሺዎች ይቆጠር ነበር። ሰው የሰውን ታሪክ ሲሰማ ይለሰልሳል። ስለ ኤድስ ሕመምተኛ ያወቅነውን ስለ ሌላው ሰው አናውቅም ማለት አይቻልም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። የተጠረጠረን ሰው ፊት ከፍርድ በፊት በስክሪን ማሳየት ይቅር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ በአንቀጽ 21 የታሰረም ቢሆን ሰብዓዊ ክብሩ እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 26 የማንም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። እነዚህ አንቀጾች «ከእነ እገሌ በስተቀር» አይሉም። ባለሥልጣኑን ስትጠይቁ ጠበቃውንም ጠይቁ፤ የሃይማኖት አባቱን ስትጋብዙ ሐኪሙንም ጋብዙ። ሰውዬውም በስሙ መናገር ባይችል፣ ስሙን ጠብቃችሁ ቃሉን አሰሙ።

ለእናንተ ለአድማጮቼ ደግሞ ጥያቄዬ ስለ ስልካችሁ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ አንድ ወጣት ከብበውት ሲያዋርዱት የሚያሳይ ቪዲዮ ይደርሳችሁ ይሆናል። ከአጋሮም ሊሆን ይችላል፣ ከመርካቶ ሰፈርም ሊሆን ይችላል። እውነት ይሁን ሐሰት አታውቁም፤ በቂምና በገንዘብ ጠብ ስም የሚለጠፍበትም አለ። አታስተላልፉት። ከሥሩም አትሳደቡ። በመንገድ ላይ ሰው ተከቦ ብታዩ ስልካችሁን አውጥታችሁ አትቅረጹ፤ ሽማግሌ ጥሩ፣ ሰውዬውን ከመሃል አውጡት፣ ወደ ቤቱ በሰላም ይግባ።